አሌክሳንደር ዳፍ፤ የካልካታው የእንግሊዝኛ መምህር

እንግሊዝኛ ለማስተማር በፈቃዱ ወደ ሰው አገር የሄደ ሰው ሲነሣ፣ ብዙዎቻችን የምናስበው አንድ ወይም ሁለት ዓመት ሠርቶ ሻንጣውን አንሥቶ የሚመለሰውን ወጣት ነው። በ1962 ወደ አገራችን የመጡት ከ270 የሚበልጡ የአሜሪካ የሰላም ጓድ መምህራን እንደዚህ ያሉ ነበሩ፤ ከእነሱ እጅ የተማሩ ሰዎች ዛሬም በየቤታችን አሉ። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያደጉትም ጥቂቶች አይደሉም። በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ሰው ግን ከነዚያ መምህራን መቶ ሠላሳ ዓመት ቀድሞ የሄደ ነው። ፊደል በማስቆጠር የጀመረው ሥራ ውሎ አድሮ የሕንድ አገር ልጆች በየትኛው ቋንቋ ይማሩ በሚለው ታላቅ ክርክር ውስጥ ገብቶ ሚዛኑን ካጋደሉት ነገሮች አንዱ ሆነ። ዓመታቱን ሁሉ የምንጽፈው በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።

አሌክሳንደር ዳፍ በኤፕሪል 1806 በስኮትላንድ፣ ሙሊን በሚባል ደብር ተወለደ። አገሩ ተራራማ ነው፤ ሕዝቡም በዚያን ጊዜ የሚናገረው ጌሊክ የሚባለውን የጥንት ቋንቋ ነበር። ልጁ ስለ ምጽአት ቀን የተገጠሙ የጌሊክ ግጥሞችን እየሰማ እንዳደገ የሕይወቱ ታሪክ ጸሐፊዎች ይነግሩናል። ይህን ነገር አንባቢያችን በልቡ ይያዝልን፤ በኋላ እንመለስበታለንና።

በ15 ዓመቱ ሴንት አንድሩስ ዩኒቨርሲቲ ገባ። በዚያም ቶማስ ቻልመርስ የሚባለው ስመ ጥሩ መምህር በ1823 መጥቶ የግብረ ገብ ፍልስፍና ማስተማር በጀመረ ጊዜ፣ በዙሪያው ከተሰበሰቡት ወጣቶች አንዱ ዳፍ ነበር። ወጣቶቹ የራሳቸውን የተማሪዎች ማኅበር አቋቋሙ፤ መጽሐፍ ያነባሉ፣ ይከራከራሉ፣ ወደ ሩቅ አገር ስለ መሄድ ይመክራሉ። ከመካከላቸው ጆን ኧርክሃርት የሚባለው የዳፍ የቅርብ ጓደኛ ለመሄድ ቆርጦ ሳለ በ1827 ገና በ18 ዓመቱ ሞተ። ዳፍ ለዕረፍት ወደ ቤቱ ሲመለስ ወላጆቹ እንደ ልማዳቸው ስለ ጓደኛው ጠየቁት። እሱም መሞቱን ነግሮ፣ የሟቹን ሥራ እኔ አነሣዋለሁ ብሎ አስታወቃቸው። ወላጆቹ ደነገጡ፤ ሐሳቡን ግን አላስለወጡትም።

በ1829 የስኮትላንድ ቤተ ክርስቲያን ወደ ሕንድ የምትልከው የመጀመሪያው ሚሲዮናዊ እንዲሆን ተሾመ። በዚያው ዓመት አን ድራይስዴልን አገባና በኦክቶበር ከባለቤቱ ጋር በመርከብ ተነሣ። ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ልብ ወለድ ይመስላል። ፌብሩዋሪ 1830 ሌዲ ሆላንድ የምትባለው መርከብ በደቡብ አፍሪካ ጫፍ፣ ከኬፕታውን ወደ ሰሜን በምትገኘው የዳሰን ደሴት አጠገብ በሌሊት ከዐለት ጋር ተጋጭታ ተሰበረች። ሰው አልሞተም፤ ነገር ግን ዳፍ ለትምህርት ቤቱ ብሎ የያዛቸው ከ800 የሚበልጡ መጻሕፍት ባሕር ገቡ። ማዕበሉ ወደ ዳር ከጣለው ዕቃ ውስጥ አንድ መርከበኛ መጽሐፍ ቅዱስና የመዝሙር መጽሐፍ አገኘ፤ ሁለቱም የዳፍ ስም ያለባቸው ነበሩ። ሌላ መርከብ አግኝተው ጉዞውን ቀጠሉ። ያቺም በጋንጅስ ወንዝ አፍ በዐውሎ ነፋስ ተመትታ ከደለል ላይ ወጣች። ተሳፋሪዎቹ ውሃ ውስጥ እየዳከሩ ወደ አንዲት መንደር ደረሱ፤ ያደሩትም በሕንዶች ቤተ መቅደስ ውስጥ ነው። በሜይ 1830 መጨረሻ ካልካታ ከተማ የገባው የ24 ዓመት ወጣት ከለበሰው ልብስ በቀር ብዙም የነበረው ነገር አልነበረም።

ካልካታ በዚያን ጊዜ የእንግሊዝ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ መናገሻ ነበረች። ኩባንያው ሲገዛ ጸሐፊ ያስፈልገዋል፤ ጸሐፊም እንግሊዝኛ ማወቅ አለበት። ስለዚህ እንግሊዝኛ የዳቦ ቋንቋ ሆኖ ነበር። በ1817 የከተማው ሀብታሞች ለልጆቻቸው ሂንዱ ኮሌጅን አቁመው ነበር። ለድኻው ልጅ ግን ያለ ክፍያ የሚገባበት በቂ ቦታ አልነበረም። ዳፍ ሲላክ ቤተ ክርስቲያኗ የሰጠችው አንድ ጥብቅ ማሳሰቢያ ነበር፤ ይኸውም ትምህርት ቤቱን በካልካታ እንዳያደርግ ነው። እሱ ግን ሳምንታት ሙሉ ከጧት እስከ ማታ ከተማውንና በዙሪያው ያሉትን መንደሮች ዞሮ አየና ትእዛዙን ላለመፈጸም ወሰነ። ትምህርት ቤቱ በካልካታ ይሁን፤ ከፍ ያለውም ትምህርት በእንግሊዝኛ ይሰጥ አለ። በከተማው የነበሩት ሚሲዮናውያን ማለት ይቻላል ሁሉም ተቃወሙት። የደገፈው ዊልያም ኬሪ ነበር። ኬሪ በሴራምፖር ከሠላሳ ዓመት በላይ የኖረ፣ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ቤንጋሊና ወደ ሌሎች የሕንድ ቋንቋዎች የተረጐመ ሽማግሌ ነው። ዕድሜውን ሁሉ በአገሬው ቋንቋ የደከመ ሰው የእንግሊዝኛውን ትምህርት ቤት መደገፉ ብዙ ያስገርመናል።

ሁለተኛው ደጋፊ ይበልጥ ያስገርማል፤ ክርስቲያንም አልነበረም። ራም ሞሃን ሮይ ሳንስክሪትን፣ ዐረብኛንና ፋርስኛን ጠንቅቆ ያወቀ፣ መበለቶች ከባሎቻቸው ሬሳ ጋር እንዳይቃጠሉ የታገለ፣ በ1828 ብራህሞ የሚባለውን ማኅበር ያቆመ ታላቅ ሕንዳዊ ነው። በ1823 መንግሥት የሳንስክሪት ኮሌጅ ሊከፍት ባሰበ ጊዜ፣ ሮይ ለአገረ ገዢው ጽፎ፣ ለሕንድ ወጣት የሚያስፈልገው ሒሳብና ኬሚስትሪ፣ ፊዚክስና የሰውነት ክፍሎች ጥናት እንጂ የሁለት ሺህ ዓመት ሰዋስው አይደለም ብሎ ተከራክሮ ነበር። እንግዲህ የሕንድ ልጆች በእንግሊዝኛ ይማሩ የሚለው ሐሳብ ከፈረንጅ ብቻ አልመጣም። ይህን የሚረሱ ሰዎች ብዙ ስለ ሆኑ ነው አጥብቀን የምንጽፈው።

ሮይ ማኅበሩ ይሰበሰብበት የነበረውን አዳራሽ ለዳፍ በኪራይ እንዲያገኝ አደረገ፤ የመጀመሪያዎቹንም አምስት ተማሪዎች ከወዳጆቹ ልጆች አመጣለት። ጁላይ 13 ቀን 1830 ትምህርት ተጀመረ። ዳፍ የአባታችን ሆይን ጸሎት በቤንጋሊ ካደረሰ በኋላ ወንጌል ሲያድላቸው፣ ልጆቹ ክርስቲያን ሊያደርገን ነው ብለው አጉረመረሙ። ሮይ ተነሥቶ መለሰላቸው። ፈረንጆች የሂንዱን መጻሕፍት አንብበው ሂንዱ እንዳልሆኑ፣ እሱም ቁርዓንን ደጋግሞ አንብቦ እስላም፣ መጽሐፍ ቅዱስንም አንብቦ ክርስቲያን እንዳልሆነ አስረድቶ፣ አንብባችሁ ራሳችሁ ፍረዱ አላቸው። ከዚያም የመጀመሪያውን ወር በየቀኑ በሰዓቱ እየመጣ ትምህርቱን ይከታተል ነበር። በዓመቱ መጨረሻ ወደ እንግሊዝ አገር ሄደ፤ በ1833 ብሪስቶል ከተማ ውስጥ ሞተ።

በጥቂት ቀኖች ውስጥ ከ300 የሚበልጡ ልጆች አመለከቱ። ዳፍ በመንገድ ሲያልፍ ሕፃናት በተሰባበረ እንግሊዝኛ ጥሩ ልጅ ነኝ፣ አስገባኝ እያሉ ይለምኑት፣ በተሸከሙትም ሰዎች ትከሻ ላይ ተንጠልጥለው በመስኮት ይጠሩት ነበር። እሱም በቀን ስድስት ሰዓት ያህል ቆሞ ፊደል ያስቆጥራል፤ ማታ ደግሞ ራሱ ቤንጋሊ ይማራል። በከተማው የነበሩ አውሮፓውያን ዩኒቨርሲቲ የጨረሰ ቄስ የጨቅላ ሕፃናት መምህር መሆኑን እንደ ውርደት ቆጠሩት።

ማስተማሪያ መጽሐፍ ስላልነበረው ዘዴውን ራሱ ፈጠረ። እንደሚተረከው፣ ፊደሎችን በሰሌዳ ላይ አንድ በአንድ እያሳየ፣ ሁለት ሆሄ እንዳወቁ ወዲያው ገጥሞ በሬ የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል አነበበላቸው። ከዚያ ስለ በሬ ጥያቄ ያዥጐደጕዳል። በሬ ምን ይሠራል፣ ምን ይበላል፣ ቆዳው ለምን ይሆናል? ልጆቹ በመጀመሪያው ቀን እንግሊዝኛ አነበብን እያሉ ወደየቤታቸው ሮጡ። በዚያ ዘመን በቃል መሸምደድ እንደ ትምህርት ይቆጠር ስለ ነበር፣ የማያስተውሉትን ነገር እንዳይደግሙ ማድረጉ ራሱ ትልቅ ለውጥ ነበር። የእኛም ብዙ መምህራን ቢያስቡበት አይከፋም።

አንድ ደንብ ደግሞ ነበረው። ቤንጋሊን አጣርቶ ማንበብ የማይችል ልጅ ወደ እንግሊዝኛው ክፍል አይገባም ነበር። የራሱን ያላወቀ የሰውን ሊያውቅ አይችልም የሚል እምነት ነበረው። ይህ መልካም ደንብ በኋላ በእሱ ስም እንግሊዝኛን ያስፋፉ ሰዎች ቶሎ የረሱት ነው።

ያነበቡት ነገር ፍሬ ማፍራት ጀመረ። በ1833 መንግሥት የሕክምና ትምህርት ለመጀመር አስቦ፣ ከፍ ካለ ወገን የተወለዱ ሂንዱዎች ሬሳ መንካት ርኩሰት ስለሚሆንባቸው ይቻል እንደ ሆነ ሊያጣራ ኮሚቴ አቆመ። ኮሚቴው የዳፍን ተማሪዎች ጠየቀ፤ ልጆቹም እውቀት ለማግኘት እስከ ሆነ ድረስ የሚያግደን ነገር የለም ብለው መለሱ። የካልካታ የሕክምና ኮሌጅ በ1835 ተከፈተ፤ በ1836 ማዱሱዳን ጉፕታ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ሬሳ በመክፈት የዘመናትን ልማድ ሰበረ።

እንግዲህ ወደ ክርክሩ እንምጣ። አንዱ ወገን የመንግሥት ገንዘብ በሳንስክሪትና በዐረብኛ ለሚሰጠው ትምህርት ይዋል ሲል፣ ሌላው በእንግሊዝኛ ለሚሰጠው ይዋል ይል ነበር። ማኮሌ በፌብሩዋሪ 1835 የታወቀውን ማስታወሻ ጻፈ፤ ሎርድ ቤንቲንክ በማርች ወር እንግሊዝኛን የሚደግፈውን ውሳኔ ፈረመ። የዳፍ ትምህርት ቤት ሕንዶች በእንግሊዝኛ ከፍ ያለ ትምህርት ሊማሩ እንደሚችሉ በዐይን የታየ ማስረጃ ሆኖ ነበር። ውሳኔው ግን ብዙ ጕዳት አለው። በእንግሊዝኛ የተማረውን ጥቂት ሰው ካልተማረው ብዙ ሕዝብ ለየው፤ እውቀት ከላይ ወደ ታች ይወርዳል የተባለውም እንደ ታሰበው አልወረደም። ዳፍ በዚህ ነገር ከነቀፌታ ነጻ አይደለም። የሳንስክሪትን ሥነ ጽሑፍ በሚገባ ሳይመረምር አቃልሎ ይናገር ነበር፤ በ1839 ያሳተመው የሕንድ መጽሐፍም በዚህ መንፈስ የተሞላ ነው። ጌሊክ ከሚነገርበት ተራራ የወረደ ሰው፣ የአባቶች ቋንቋና ግጥም በልጅ ልብ ውስጥ ምን እንደሚሠራ ከማንም ይልቅ ያውቀው ነበር ብለን እናስባለን። ሕጉንም ሒሳቡንም በእንግሊዝኛ የምንማር እኛ ይህን ክርክር እንደ ሌላ ሰው ጉዳይ ልናየው አንችልም።

ከቋንቋው ይልቅ ቤተሰብን ያስጨነቀው ግን ሃይማኖቱ ነው። ዳፍ ዓላማውን ደብቆ አያውቅም፤ መጽሐፍ ቅዱስ በየቀኑ ይነበብ ነበር። በሂንዱ ኮሌጅ ደሮዚዮ የሚባል ወጣት መምህር ተማሪዎቹን ሁሉን ነገር እንዲጠይቁ ስላስተማረ በ1831 ሥራውን እንዲለቅ ተደረገ፤ በዚያው ዓመት በኮሌራ ሲሞት ዕድሜው 22 ነበር። ከእሱ ደቀ መዛሙርት አንዱ ክሪሽና ሞሃን ባነርጂ ነው። ጓደኞቹ በእሱ ቤት የበሬ ሥጋ በልተው አጥንቱን ወደ ጎረቤት ግቢ በመወርወራቸው፣ እሱ በጊዜው ባይኖርም እንኳ ከቤተሰቡ ተባረረ። ዳፍ ቤቱ ጠርቶ አነጋገረው፤ ብዙ ከተከራከሩ በኋላም በኦክቶበር 1832 ተጠመቀ። እንዲህ ያለ ጥምቀት በተሰማ ቁጥር ወላጆች ልጆቻቸውን ያስወጡ ነበር፤ ጥቂት ቆይተው ደግሞ ይመልሷቸዋል። ዳቦውን ይፈልጉታልና።

ላል ቤሃሪ ዴይን እንውሰድ። አባቱ ከገጠር የመጣ፣ እንግሊዝኛ የማያውቅ፣ ለከፍያ አቅም የሌለው ሰው ነበር። በ1834 ልጁን ወደ ዳፍ ትምህርት ቤት ሲያስገባ ጎረቤቶቹ ልጅህን ትነጠቃለህ ብለው አስጠነቀቁት፤ እሱም የሚመጣውን ዕድሉ ያውቃል ብሎ አስገባው። አባት ሞተ፤ ልጁም በ1843 ተጠመቀ። ላል ቤሃሪ በኋላ ቄስ፣ ከዚያም በመንግሥት ኮሌጆች የእንግሊዝኛ ፕሮፌሰር ሆነ። በ1874 ስለ ቤንጋል ገበሬ ኑሮ በእንግሊዝኛ የጻፈውን ልብ ወለድ ቻርልስ ዳርዊን አንብቦ እንደ ወደደው ለአሳታሚዎቹ ጽፎላቸዋል፤ በ1883 ያሳተመው የቤንጋል ተረቶች መጽሐፍም እስከ ዛሬ ይነበባል። ይኸው ሰው ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ፣ ሕንዳውያን ቄሶች በሚሲዮኑ ጉባኤ ከአውሮፓውያኑ እኩል ድምፅ ይሰጣቸው ብሎ በጠየቀ ጊዜ ዳፍ አልተቀበለውም። አስተማሪው ተማሪውን እኩያው እንዲሆን አስተምሮት፣ እኩያ ሆኖ ሲመጣ ግን ወንበር ነፈገው። ላል ቤሃሪ ግን ቂም አልያዘም፤ መምህሩ ከሞተ በኋላ በ1879 ስለ እሱ የፍቅር መጽሐፍ አሳተመ።

በ1845 የሆነው ነገር ከሁሉ የከፋ ነው። ኡመሽ ቻንድራ ሳርካር የሚባል የ14 ዓመት ልጅ ከ11 ዓመት ሚስቱ ጋር ወደ ዳፍ ቤት ገባ። አባቱ ፍርድ ቤት ሄደ፤ አልተፈረደለትም። እንደ ገና እስኪከስ ድረስ እንዳይጠመቁ ቢለምንም ዳፍ አልጠበቀም። ይህን የሚነግረን የባለ ቅኔው የታጎር አባት ደቤንድራናት ታጎር በሕይወት ታሪኩ ውስጥ ነው። ደቤንድራናት በቊጣ ተነሥቶ በከተማው ሀብታሞች ቤት ደጅ ለደጅ ዞረ፤ እርስ በርሳቸው የማይነጋገሩትን ወግ አጥባቂዎችና ተራማጆች አንድ አድርጎ፣ የሂንዱ ልጆች ያለ ክፍያ የሚማሩበትን ትምህርት ቤት በ1846 አስከፈተ። እንደ እኛ አስተያየት፣ በሕፃናት ጉዳይ አባት ቢያንስ ፍርዱን እስኪጨርስ መጠበቅ ይገባ ነበር።

ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ በሌላ ወገን መከራ ደርሶ ነበር። በሜይ 1843 የስኮትላንድ ቤተ ክርስቲያን፣ ቄስን በመሾም ረገድ ባለ ርስቶች ባላቸው ሥልጣን ምክንያት ለሁለት ተከፈለች። በሕንድ የነበሩት ሚሲዮናውያን በሙሉ ከተገነጠለችው ነጻ ቤተ ክርስቲያን ጋር ቆሙ። ሕጉ ግን ሕንጻውን ለቀድሞዋ ሰጠ። ዳፍ ለአሥራ ሦስት ዓመት የደከመበትን ቤት፣ ቤተ መጻሕፍቱንና የሳይንስ መሣሪያውን ትቶ ወጣ፤ አብዛኛዎቹ ተማሪዎችም ተከተሉት። ኒምታላ በተባለ ሰፈር በ1844 እንደ ገና ጀመረ። ባሕር ላይ መጻሕፍቱን፣ የብስ ላይ ቤቱን ያጣ ሰው መቼም ጽናቱን ልንክደው አንችልም።

የቀረውን ዕድሜውን ባጭሩ እንለፈው። በሕመም ምክንያት በ1834 ወደ አገሩ ተመልሶ በ1840 መጥቶ ነበር፤ በ1850ም ለሁለተኛ ጊዜ ተመልሶ በ1854 አሜሪካን ጐበኘ። በ1853 ለእንግሊዝ ፓርላማ ኮሚቴ የሰጠው ምስክርነት በ1854 የሕንድን ትምህርት ሥርዓት ላስያዘው ሰነድ አስተዋጽኦ አደረገ፤ በዚህም ሰነድ መሠረት የግል ትምህርት ቤቶች የመንግሥት ድጋፍ አገኙ፤ በ1857ም የካልካታ ዩኒቨርሲቲ ተቋቋመ። ዳፍ ከመጀመሪያዎቹ የሴኔት አባሎች አንዱ ነበር። በዚያው ዓመት የሴቶች ትምህርት ቤት ከፈተ። ጤናው ስለ ታወከ በ1863 ሕንድን ለቆ ወጣ። በኤዲንበራ ፕሮፌሰር ሆኖ ካገለገለ በኋላ በፌብሩዋሪ 1878 በ71 ዓመቱ ሞተ።

የተጣሉት ሁለት ትምህርት ቤቶች በ1908 አንድ ሆኑ፤ ከ1929 ጀምሮም ስማቸው የስኮቲሽ ቸርች ኮሌጅ ተብሏል። በቀድሞው ሕንጻ ናሬንድራናት ዳታ የሚባል ተማሪ በ1884 ዲግሪውን ተቀበለ። ይህ ሰው በኋላ ስዋሚ ቪቬካናንዳ ተብሎ በ1893 ቺካጎ ላይ ለዓለም የሃይማኖቶች ጉባኤ ስለ ሂንዱ እምነት የተናገረው ነው፤ የተናገረውም በእንግሊዝኛ ነበር። ከእሱ በኋላ ደግሞ ሱባሽ ቻንድራ ቦስ መጣ። በ1916 አንድ እንግሊዛዊ ፕሮፌሰር በመደብደቡ ነገር ተወንጅሎ ከሌላ ኮሌጅ የተባረረውን ይህን ተማሪ የዳፍ ኮሌጅ ተቀበለው፤ በ1919ም በፍልስፍና ዲግሪውን ይዞ ወጣ። በ1943 እንግሊዝን ከሕንድ ለማስወጣት የተሰለፈውን ጦር በሲንጋፖር ሆኖ የመራው እሱ ነው።